ላይፕዚግ ሄጄ ተማሪዎቹን ሰማሁ

ከበርሊን ላይፕዚግ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሙዚቃ ብሎ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ምን ምን እንደሚያይ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ከ1723 እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1750 ድረስ ያገለገለበትና ዛሬ መቃብሩ ያለበት የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን። ቀጥሎ ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶን በ1847 የሞተበት ቤት፤ አሁን ሙዚየም ነው። ማታ ደግሞ ጌቫንድሃውስ፣ ትልቁ የኮንሰርት አዳራሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔም እንደ ሰው ዞርኩ። ደስ ይላል። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏልና ልለፈው።

ትራም ፌርማታ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኮንሰርት ነው። መጀመሪያ የክር መሣሪያዎች ብቻ፣ ከዚያ ሙሉው ኦርኬስትራ። የሜንደልሶንና የሹማን ድርሰቶች። ጃንዋሪ ሊያልቅ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ያረፍኩት አንድ የድሮ ጓደኛዬ ቤት ነበር። ስነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጌቫንድሃውስ አፍንጫህ ሥር ተቀምጦ ተማሪ ልትሰማ?»

«ቲኬቱ እኮ ጥቂት ዩሮ ነው» አልኩት።

«በል እንግዲህ! ነገሩ እሱ ነዋ!»

እሱ ብቻ እንኳ አልነበረም። ላይፕዚግ ውስጥ ተማሪ ሙዚቃ ሲጫወት ጎን ለጎን የሚታይ ትርፍ ነገር አይመስለኝም። ነገሩ ከእነሱ ጋር ነው ያደገው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1409 ነው። በ1701 ቴሌማን የሚባል ወጣት ሕግ ሊማር መጣ። ሕጉ ብዙም አልቆየ። በዓመቱ ተማሪዎችን ሰብስቦ ኮሌጊየም ሙዚኩም የሚባል ቡድን አቋቋመ። በ1729 ደግሞ የቡድኑን መሪነት የያዘው ማን መሰላችሁ? ባኽ ራሱ። ልምምድና ትርኢታቸው ካታሪነን ጎዳና ላይ ባለ የሲመርማን ቡና ቤት ነበር። በብርዱ ወራት ዓርብ ዓርብ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ በሙቀቱ ጊዜ ደግሞ ከከተማው በር ውጭ ባለ የአትክልት ቦታ። ባኽ በዚያው ዘመን ስለ ቡና የጻፈው ካንታታ፣ በመሣሪያ የታጀበ የዘፈን ድርሰት፣ አለ። አባት ልጁን ቡና አቁሚ እያለ ይለምናል፣ እሷ ወይ ፍንክች! ቡና ቤቱ ግን ዛሬ የለም፣ በ1943 ዲሴምበር በቦምብ ወድሟል። ጎዳናው ላይ ወጣ ወረድ ብዬ ተመለስኩ።

ሌላ ቡና ቤት ግን ከበሩ በላይ የቀረጹት ምስል አለ። ሹማን ደንበኛ የነበረበት ቤት ነው። አንድ ጥምጥም ያደረገ ሰው ቡና ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ፣ ክንፍ ላለው ሕፃን ስኒ ያቀብላል። የቤቱ ስም «የአረብ ቡና ዛፍ» ነው። የአረብ! ይሁን ብዬ አለፍኩ፤ ከድንጋይ ጋር ምን ያከራክራል።

ኮንሰርቱ ፓውሊኑም በሚባለው ሕንጻ ውስጥ ነው፣ አውጉስቱስ አደባባይ ላይ። በስተደቡብ ጌቫንድሃውስ፣ በስተሰሜን ኦፔራው፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እሱ። ይህን ሕንጻ ዝም ብሎ አዳራሽ ነው ብላችሁ እንዳትገቡ። ቦታው ላይ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ተርፎ፣ በ1968 ሜይ 30 ቀን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ራሱ በፈንጂ አፈረሰው። ምንም ሳይሆን የቆመ ቤተ ክርስቲያን! አሁን ያለው በ2017 ሥራ የጀመረ ነው። ከውጭ ሲታይ ፊቱ የድሮውን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳል፣ ግን ሆን ተብሎ ትንሽ የተንሻፈፈ ነው። ውስጡ ነጭ በነጭ። ዓምዶቹ በመስታወት የተለበጡ ናቸው፣ ከውስጣቸው ይበራሉ፣ አንዳንዶቹም መሬት ሳይደርሱ አየር ላይ ተቆርጠው ቀርተዋል። መጀመሪያ ስታዩት ግንበኛው ሥራውን ጥሎ የሄደ ይመስላል። ቀስ እያለ ነው የሚገባው።

የድሮው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ የምወደው ታሪክ አለው። በ1727 ላይፕዚግ ያለችበት የሳክሶኒ ግዛት ገዥ ልዑል ሚስት ሞተች። ኪርኽባኽ የሚባል ከመኳንንት ወገን የሆነ ተማሪ ለመታሰቢያዋ ዝግጅት አደርጋለሁ አለና ሙዚቃውን ባኽ እንዲጽፍ አዘዘ። ዩኒቨርሲቲው ተቆጣ። የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ኃላፊ ሌላ ሰው ነው፣ ሥራው ለእሱ ነው የሚገባው አለ። ልጁ ምን አደረገ? ለዚያ ሰው 12 ታለር ካሳ ከፍሎ አፉን አስያዘው፣ ባኽም ሙዚቃውን አቀረበ። ተማሪ ማለት እንዲህ ነው።

ወደ ኮንሰርቱ ልምጣ። አዳራሹ ሞልቷል። ግማሹ ወላጅና አያት ነው፣ ግማሹ ቦርሳውን እግሩ ሥር የጣለ ተማሪ። እኔ የደረሰኝ ቦታ ፊት ለፊት ሆኖ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ድምፁ ከመካከል ወንበር ጋር አይወዳደርም፣ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የመጨረሻዎቹን የቼሎ ተጫዋቾች ኖታ እንኳ ማንበብ እችል ነበር።

ክሮቹ ብቻቸውን ገቡ። ቫዮሊን አንደኛና ሁለተኛ፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ኮንትራባስ። ኦቦ የሚባለው የእንጨት መንፊያ ስለሌለ መቃኛውን ድምፅ የሰጠችው የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች መሪ ናት። «ላ» የሚባለውን ኖታ ረዘም አድርጋ ሳበች፣ ሁሉም እሷን ተከትሎ ክሩን አጠበቀ፣ አላላ። ይህን ቅኝት ብዙ ሰው የሚያወራበት ሰዓት ያደርገዋል። ያሳዝናል፤ ለእኔ ከምሽቱ ደስ ከሚሉት ነገሮች አንዱ ነው። የተዘበራረቀ ድምፅ ዓይናችሁ እያየ አንድ ሲሆን።

የተጫወቱት የሜንደልሶንን አሥረኛውን የክር ሲምፎኒ ነው። ልጁ ከ12 እስከ 14 ዓመቱ ባለው ጊዜ 12 እንዲህ ያሉ ሲምፎኒዎች ጽፏል። ወላጆቹ በርሊን ቤታቸው እሑድ እሑድ በሚያዘጋጁት ኮንሰርት ላይ የሚቀርቡ ነበሩ። አሥረኛውን የጻፈው በ1823፣ በ14 ዓመቱ ነው። በዝግታ ይጀምርና ሳትዘጋጁ ይሮጣል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሩጫው ላይ ሌላ ሩጫ ይጨምርበታል። አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ለተጫዋቾቹ እጅ እረፍት የለውም።

በክር መሣሪያዎች ወንበር ላይ ሁለት ሰው አንድ የኖታ ማቆሚያ ይጋራል። ገጽ የሚገለብጠው ከታዳሚው ራቅ ብሎ በውስጥ በኩል የተቀመጠው ነው። ከፊቴ የነበረው ልጅ ገጹን ቀድሞ ጥጉ ላይ አጥፎታል፣ በአንድ ጣት ብድግ እንዲል። ኖታው ላይ እርሳስ ያልነካው መስመር የለም። ደጋን ወደ ላይ፣ ደጋን ወደ ታች፣ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ የተከበበ ምልክት። ሩጫው ሊጀምር ሲል ደግሞ ትንሽ መነጽር ተሥሎበታል። ሙዚቀኞች መሪውን ተመልከት ለማለት የሚያደርጉት ምልክት ነው። እዚያ ቦታ ሲደርሱ አየኋቸው፤ የቼሎው ረድፍ በሙሉ እኩል ቀና አለ።

ጌቫንድሃውስ ውስጥ ይህን አታዩም ለማለት አይደለም። ባለሙያዎቹ ግን ልፋታቸውን ደብቀው ነው የሚመጡት። ሁሉም ነገር በራሱ የሚፈስ ይመስላል። ተማሪዎቹ ያ ልስላሴ የላቸውም። በእነሱ እጅ ግን ሙዚቃው እንዴት እንደተሠራ ይታያል። ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ ዜማው ከየትኛው ረድፍ ወደ የትኛው እንደተሻገረ፣ ቪዮላዎቹ መሀል ሆነው ምን እንደሚሸከሙ። ለእኔ ብጤ አድማጭ ከትምህርት ቤት ይበልጣል።

ከእረፍት በኋላ መድረኩ ጠበበ። ፍሉቶች፣ ክላሪኔቶች፣ ባሱኖች፣ ሆርኖች፣ ትራምፔቶች፣ ትሮምቦኖች፣ ቲምፓኒ ገቡ። አሁን «ላ»ውን የሰጠው ኦቦ ነው። የሹማን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ነው፣ የጸደይ የሚባለው። ንድፉን ያወጣው እዚሁ ላይፕዚግ፣ ክላራን ባገባ በወራት ውስጥ፣ በ1841 ጃንዋሪ መጨረሻ በአራት ቀን ነው። እንግዲህ እንደኛው በብርድ መሀል ተቀምጦ ነው ጸደይ ያለው። በዚያው ዓመት ማርች 31 በድሮው ጌቫንድሃውስ ሜንደልሶን እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

አጀማመሩ የታወቀ ነው። ትራምፔትና ሆርን ብቻቸውን ይጣራሉ። ሹማን ይህን ጥሪ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የጻፈው። ኦርኬስትራው ያኔ የያዛቸው መሣሪያዎች ደግሞ ቫልቭ፣ በጣት እየተጫኑ ድምፅ የሚቀይሩበት ነገር፣ የላቸውም፣ ሁሉን ኖታ በእኩል ጥራት አያወጡም። በልምምድ ላይ አንዳንዱ ድምፅ ታፍኖ ወጣ። ከፍ አድርጎ መልሶ ጻፈው፣ ዛሬም የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ ሌላው ኦርኬስትራ ዝም ባለበት ያን ኖታ መንፋት ጉድ ነው። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት ትከሻቸው ከፍ ሲል አየሁ። ነፉት። ያ ሁሉ ነጭ አዳራሽ ድምፁን ተቀብሎ ትንሽ አቆይቶ መለሰው።

የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ ከኋላ አንዳንድ ሰው አጨበጨበ። ሌሎች ዞረው አዩዋቸው። ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። በሹማን ዘመን እኮ በየክፍሉ መሀል ማጨብጨብ የተለመደ ነበር፤ ነውር የሆነው በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሳቅ ብለው እሳቸውም ጨመሩበት። ወደድኳቸው።

ስለ ሁለተኛው ክፍል ብዙ አልልም፣ ቼሎዎቹ ዜማውን ሲቀበሉ ብቻ ስሙት። ሦስተኛው ረዘመብኝ። አራተኛው ግን መድረኩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነው ያለቀው።

ውጭ ትራም ስንጠብቅ አደባባዩ በመሣሪያ ሳጥን ተሞላ። ኮንትራባስ የያዘው ልጅ የመጣውን ትራም በር በዓይኑ ለካና ተወው፣ ቀጣዩን ጠበቀ። ቪዮላ ያዘለች አንዲት ልጅ አጠገቤ ቆማ ነበር። ምን እንደምትማር ጠየቅኳት። የእንስሳት ሕክምና ነው አለች። አብዛኞቹ ሙዚቃ የሚያጠኑ እንዳይመስልህ፣ ሐኪምም ፊዚክስም ሕግም አለ፤ በሳምንት አንድ ማታ እንለማመዳለን፣ ኮንሰርቱ ሲቃረብ ቅዳሜና እሑድንም እንጨምራለን አለችኝ። እኔም ስለ ማሲንቆ ነገርኳት። ደጋኑ ብቻ ሳይሆን ክሩም የፈረስ ጭራ ነው ስላት ዓይኗ በራ።

«ሰኞ ፈተና አለብኝ» አለች። «ስለ ፈረስ ነው።»

«ታዲያ በደንብ ታውቂዋለሽ፤ ሌሊትና ቀን ጭራውን አይደል የምትጎትቺው።»

«ጭራውን አዎ» አለች፣ «ፈተናው ስለ አንጀቱ ነው።» ትራሟ መጣና ሄደች።