የክፍያ ኤፒአይ ማገናኛ ኮድ አንዴ ተጽፎ ለሁሉም ቢሆንስ?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጣ፤ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ ጌትዌዮችም (ድረ ገጽን ወይም አፕን ከተለያዩ የክፍያ መንገዶች ጋር የሚያገናኙ ድርጅቶች) አሉ። አሁን ድረ ገጽ ወይም አፕ የሚያሠራ ደንበኛ ሁሉ «በስልክም በባንክም ይክፈሉበት» ይላል። እኛ ፕሮግራመሮች ደግሞ ከክፍያ ኤፒአዩ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) ጋር የሚያገናኘውን ኮድ በየሥራው ከዜሮ እንጽፋለን፣ ካልሆነም ካለፈው ፕሮጀክት ኮፒ አድርገን እንለጥፋለን። ኮፒው የባሰ ነው። አንዱ ጋ የተገኘ ስህተት እዚያው ይስተካከላል፣ ሌሎቹ ፕሮጀክቶች ውስጥ ግን እንዳለ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ስለዚህ ለቡድናችን አንድ የጋራ ላይብረሪ (ሁሉም ፕሮጀክት የሚጠቀምበት አንድ የኮድ ስብስብ) እየሠራሁ ነው። ምን ይግባበት፣ ምን ይቅር የሚለው ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከስልክ ቁጥር። አንዱ ተጠቃሚ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251፣ ሌላው ዜሮዋን ትቶ በ9። ሳፋሪኮም ገበያ ሲገባ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ፣ 09 ብቻ የሚቀበል ኮድ ያለበት ፕሮጀክት ሁሉ አንድ በአንድ እየተከፈተ መታረም ነበረበት። የጋራ ላይብረሪ ሲኖር እርማቱ አንድ ቦታ ነው።

ብርም እንደዚሁ። በአስርዮሽ አትያዙት፤ በተለመደው የኮምፒውተር አስርዮሽ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ። 150 ብር ከ50 ሳንቲም ከሆነ 15050 ብላችሁ በሳንቲም ያዙት። አንዱ ኤፒአይ በጽሑፍ ሌላው በቁጥር ቢፈልገው ቀይሮ መላክ የላይብረሪው ሥራ ነው።

ሌላው ታይምአውት፣ ማለትም መልስ የምንጠብቅበት የጊዜ ገደብ ነው። በኢንተርኔት ጥያቄ የምንልክባቸው የፓይተኑ ሪኩዌስትስም የጃቫስክሪፕቱ አክሲዮስም ራሳችሁ ካላስቀመጣችሁላቸው የጊዜ ገደብ የላቸውም። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ዝም ካለ የእናንተም ፕሮግራም አብሮት ቆሞ ይቀራል። የእኔ ላይብረሪ ውስጥ ገደቡ ግዴታ ነው፣ ማጥፊያም የለውም።

ዋናው ጥያቄ ግን ገደቡ ካለፈ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ነው። አብዛኛው ኮድ የሚያውቀው ሁለት መልስ ብቻ ነው፦ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ሦስተኛም አለ፦ አልታወቀም። ጥያቄያችን ደርሶ፣ ገንዘቡ ከሰውየው ሂሳብ ተቆርጦ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህንን «አልተሳካም» ብለን ካሳየነው ሰውየው ደግሞ ይጫናል፣ ሁለት ጊዜም ይከፍላል። ያንን ገንዘብ ለማስመለስ ስንት ደጅ እንደሚጠና ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ ነው ላይብረሪው ሦስት መልስ የሚመልሰው፤ ሦስተኛውን ያላስተናገደ ኮድ ጭራሽ ኮምፓይል እንዳያደርግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም እንዳይቀየር) አድርጌዋለሁ።

«አልታወቀም» ሲመጣ የክፍያ ጥያቄውን መድገም የለም። መጀመሪያ በዚያው የግብይት መለያ «ይሄ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ቻፓ ላይ መለያውን የምንሰጠው እኛው ነን፣ በእሱም ክፍያውን ማረጋገጥ ይቻላል። እንግዲህ መለያው ዳታቤዝ ውስጥ መግባት ያለበት ጥያቄው ከመላኩ በፊት ነው። በኋላ ከሆነና በመሀል መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ቢጠፋ፣ በምን እንጠይቃለን? እንዲህ ያለ ማጣሪያ ጥያቄ ግን ገንዘብ ስለማያንቀሳቅስ ያለ ስጋት ይደገማል፤ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4 እያለ ክፍተቱን እያሰፋ፣ ሁሉም ጠያቂ ፕሮግራሞች አንድ ላይ ተመልሰው ሰርቨሩን እንዳያጨናንቁትም ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነት እየጨመረ።

ዌብሁክ ላይም፣ ማለትም አቅራቢው ራሱ የክፍያውን ውጤት ወደ ሰርቨራችን በሚልክበት መልእክት ላይ፣ ጠበቅ እላለሁ። አድራሻውን ያወቀ ማንም ሰው «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ሊልክልን ይችላል፣ ስለዚህ ከአቅራቢው መምጣቱን የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል። የሚረጋገጠውም እንደመጣ ባለው ጥሬ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ጄሰኑን (መልእክቱ የተጻፈበትን ቅርጽ) ፈትታችሁ መልሳችሁ ከጻፋችሁት አንዲት ክፍት ቦታ ብትለወጥ እንኳ ፊርማው አይገጥምም። ያው መልእክት ሁለቴ ሊመጣም ይችላል፣ ዕቃው ግን ሁለቴ መላክ የለበትም።

አሁን የማይገባው። ሁሉንም አቅራቢ «ክፈል» በሚል አንድ ፈንክሽን ለመሸፈን የሚሞክሩ ላይብረሪዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። በኤም-ፔሳ ለተጠቃሚው ስልኩ ላይ የፒን ጥያቄ ይመጣለታል፣ ቻፓ ደግሞ ወደ ክፍያ ገጽ ሊወስደው ይችላል። ተጠቃሚው የሚያየው ነገር የተለያየ ነው፣ ስክሪኑን የሚሠራው ልጅም ይህንን ማወቅ አለበት። ልዩነቱን በግድ ከደበቅነው ያ ፈንክሽን ማንም በማይገባው የአማራጭ ብዛት ይሞላል። የጋራው የጋራ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ አቅራቢ ደግሞ የራሱ ትንሽ ክፍል ይኑረው።

ገና ያልቋጨሁት «አልታወቀም» ሲመጣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ነው። ለጊዜው «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፣ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» የሚል አስቀምጫለሁ። እናንተ ተጠቃሚው እንዳይደነግጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉለት? ስንት ደቂቃስ ታስጠብቁታላችሁ?