አባዬ ቁጭ በል፣ ቀልድ አለኝ

አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ የባሌን መታመም ሰምታ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «ቆይ አንቺ፣ እንቅልፍ ደግሞ በሽታ ሆነ? እኛ በኑሮ ውድነት እንቅልፍ አጥተናል፣ እናንተ በዶላር ትተኛላችሁ!» ብላ ተንከተከተች። ቀጥላ ደግሞ «አሜሪካ ሰው አይተኛም ስትሉን አልነበር?» አለች።

ብለናል። አሁንም እንላለን። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሥራ የማይሠራ ሐበሻ ማግኘት ከባድ ነው። ባቡር ውስጥ አንገቱን ጥሎ የሚያንቀላፋ ካያችሁ ግማሹ ዘመዳችን ነው። የባሌን ሕመም ለዓመታት ማንም ያላመነውም ለዚሁ ነው፤ ሁሉም ደክሞት የእሱን ድካም ማን ለይቶ ይይ? «ቡናውን ወፈር አድርገሽ አፍዪለት» ይሉኛል። የደሴ ልጅ እኮ ነው! ቡና ቢያድን ኖሮ ገና በልጅነቱ ድኖ ነበር።

ሕመሙ ናርኮሌፕሲ ይባላል። አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ያሉ ሴሎች ሃይፖክሬቲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፣ ነቅተን የምንውለው በእሱ ነው። የባሌ እነዚህ ሴሎች ሞተዋል። አይተኩም። ይህ ሕመም ያለበት ከ2,000 ሰው አንድ ቢሆን ነው። ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል፣ እሱንም የጀመረው ሃይስኩል እያለ ነው፤ አስተማሪው ጠመኔ እየወረወሩ ይቀሰቅሱት ነበር። ሰነፍ ተባለ፣ አለቀ። ጉርሻ በእጁ ይዞ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው።

እንቅልፉስ ይሁን። ጉዱ ያለው ሳቁ ላይ ነው። ሰው ተኝቶ ሕልም ሲያይ አንጎሉ ጡንቻዎቹን ያስራቸዋል፣ ያለዚያ ሕልማችንን ተከትለን ከአልጋ እንወርድ ነበር። የእሱ አንጎል ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኑ ፈጦ ሳለ ያስረዋል። በተለይ ሲስቅ። አገጩ ይወርዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከዚያ ዘጭ! ሐኪሞቹ ካታፕሌክሲ ይሉታል። ጥቂት ሰከንድ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይለቀዋል። ራሱን ግን አይስትም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ወድቆም ሁሉን ነገር ይሰማል።

እና ይህ በሽታ ለማን ተሰጠ? ሰፈሩን ሲያስቅ ላደገ ተጫዋች ሰው! እኔ ያገባሁት እኮ ለጨዋታው ነው፣ ለመልኩ እንዳልሆነ ፎቶ ያያችሁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ቤታችን የራሱ ሕግ አለው። ደረጃ ላይ ቀልድ የለም። ድስት ሲያወርድ ቀልድ የለም። ሕፃን ታቅፎ ቀልድ የለም። ንዴትም አንዳንዴ ስለሚጥለው ስንጣላ እንኳ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንጣላው። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «አባዬ ቁጭ በል፣ ቀልድ አለኝ» ትለዋለች። ታናሿ ግን ሌላ ናት። ስልክ ሲከለክላት ታስቀውና፣ እጁ ሲዝል ስልኩን ቀስ አድርጋ ወስዳ ትሄዳለች። እሱ እያያት፣ መናገር አቅቶት! ይህን እንዳትደግሚ ብዬ ተቆጥቻለሁ፣ ግን እኔም ወጥ ቤት ገብቼ ነው የሳቅኩት።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ። ዓመታት አልፈው አሁንም ሲያንገበግበኝ ነው።

ቨርጂኒያ፣ የዘመድ ሠርግ ነው። አዳራሹ ሙሉ፣ ሙሽሮቹ እንደ ደንባችን ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይተው ገብተዋል። ባሌ ክትፎውን በሳህን ይዞ ቆሟል። አንድ ጋሼ ጆሮው ስር ጠጋ ብለው ስለ ሙሽራው አባት የሆነ ነገር ነገሩት። አገጩ ሲወርድ ከሩቅ አየሁት፣ ልደርስበት ግን አልቻልኩም። ሳህኑ ቀድሞ፣ እሱ ተከትሎ መሬት።

ከዚያ የኛ ሰው መጣ። «ውሃ! ውሃ!» አንዱ አፈሰሰበት። «ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት!» አሜሪካ ውስጥ ክብሪት በኪሱ የሚይዝ ማን አለ? አንዷ ሮጣ የምግብ ማሞቂያው የተለኮሰበትን ክብሪት አምጥታ አፍንጫው ስር ጫረችው። «ተዉት ራሱን አልሳተም፣ አሁን ይነሳል» ብዬ እጮሃለሁ፣ ማን ይስማኝ። የሆቴሉ ሠራተኛ ፈረንጅ ደግሞ ለካ 911 ደውሏል። የአምቡላንስ ሰዎች ሲደርሱ እሱ ተነስቶ ከሱፉ ላይ ሚጥሚጣ እያራገፈ ነው። ደህና ነኝ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ በጣም ረጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ዛሬ ምን ያህል ጠጥተዋል?» ሲለው ባሌ ሳቀ። በቃ፣ እንደገና ወደቀ። ጭነውት ሄዱ። የኛ ሰው ክብሪት ቢጭር በነፃ ነው፣ የነሱ አምቡላንስ ሒሳቡ በፖስታ ይከተላል። የወር የቤት ኪራያችንን የሚያስንቅ ነበር።

ይህ ግን አይደለም ያንገበገበኝ። ማታ ቤት ገብተን ባሌ ወለሉ ላይ ተዘርሮ የሰማውን ሁሉ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰለ ነገረኝ። «ከየት ጠጥቶ መጣ? ውስኪው ገና አልተከፈተ!» ያለ አለ። «ጫት ነው» ያለ አለ። «ሥራ በሥራ አድርጋ የጨረሰችው እኮ ሚስቱ ናት፣ ለቤት መግዣ ብላ» ያለችም አለች። ማን እንደሆነች ድምፅዋን ያውቃል። በፋሲካ ቤታችን መጥታ ዶሮዬን በልታለች። «እጅሽ ይባረክ» ብላኛለች። ባሌ በጠረጴዛው ሥር እግሬን እየነካ እንዳያስቀኝ፣ ራሱም ስቆ እንዳይወድቅ የሆንነውን እኛ ነን የምናውቀው።

ከአምቡላንሱ በኋላ ነው አንዲት የነርቭ ሐኪም ነገሩን የያዘችልን። ማታ ላብራቶሪ አስተኝተው ራሱ ላይ ሽቦ ለጠፉበት። በማግስቱ በየሁለት ሰዓቱ፣ አምስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ «ተኛ» ይሉታል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ እንቅልፍ የሚወስደውና ወዲያው ሕልም ውስጥ የሚገባ ሰው ናርኮሌፕሲ አለበት ይባላል። በሕይወቱ ደስ ብሎት የተፈተነው ፈተና ይህ ብቻ ነው። ሐኪሟ ስለ ስታንፎርድ ውሾችም አጫወተችን። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህ በሽታ ያለባቸው ዶበርማን ውሾች ነበሩ፤ የሚወዱት ምግብ ሲቀርብላቸው በደስታ ይወድቁ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የውሾቹ በሽታ መንስኤ የሆነው ዘረ መል ታወቀ። ምርምሩን የመራው ኢማኑኤል ሚኞ ከጃፓናዊው ማሳሺ ያናጊሳዋ ጋር በ2023 ብሬክስሩ ፕራይዝ የሚባል የሳይንስ ሽልማት ተሸልሞበታል። ባሌ «ለካ ክትፎዬን ይዤ የወደቅኩት በሳይንስ ነው» አለ፣ ወንበር ላይ ስለነበረ ደህና።

ከዚያ ሐኪሟ «ልትነቃ ስትል መንቀሳቀስ አቅቶህ ክፍሉ ውስጥ ሰው ቆሞ አይተህ ታውቃለህ?» ስትለው ባሌ ደነገጠ። ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም! ዱካክ ነው ብለው እናቱ ትራሱ ሥር ቢላ እያደረጉ ነው ያሳደጉት፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ማን ይንገር? እሱም የዚሁ የናርኮሌፕሲ አንዱ ምልክት ነው ተባለ።

አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። በሃይላንድ ጠበል ይዘው፣ ቆሎና በሶው ሳይቀር። የባሌ መድኃኒት ሶዲየም ኦክሲቤት የሚባል ፈሳሽ ነው፣ ውሃ ነው የሚመስለው። አልጋ ላይ ሆኖ አንዱን ይጠጣል፣ ከዚያ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ በማንቂያ ደወል ተነስቶ ሁለተኛውን። አማቴ ሌሊት በር ላይ ቆመው አማትቦ ሲጠጣ አዩት። በበነጋው ደሴ ደውለው «ልጄ እኮ ሌሊት እየተነሳ ጠበል ይጠጣል፣ አሜሪካ አላበላሸውም» ብለው አለቀሱ። እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ። መድኃኒቱን ግን ቆልፌ ነው የማስቀምጠው፣ እሳቸውም ሆኑ ልጆቹ ቢቀምሱት አደገኛ ነው። ከአረቄና ከጠጅ ጋርም ፈጽሞ አይሄድም፣ ስለዚህ ሰካራም የተባለው ባሌ ዛሬ በማኅበሩ ውስጥ ጠላ እንኳ የማይቀምስ ብቸኛው ወንድ ነው።

አሁን ለመምጣት ለምታስቡ ልናገር። እዚህ አገር ሥራ ስትፈልጉ በሰዓት ስንት ይከፈላል ብቻ አትበሉ፣ ኢንሹራንስ አለው ወይ በሉ። ይህ መድኃኒት ያለ ኢንሹራንስ የሚቻል አይደለም። ሰፈር ፋርማሲም አይገኝም፣ ከአንድ ቦታ ይላክና ትልቅ ሰው ፈርሞ ይቀበላል። በሽታችሁን ከአለቃ መደበቅም የኛ ሰው ልማድ ነው። ባሌም ደብቆ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ሲተኛ ተይዞ ሊባረር ነበር። በ1990 የወጣ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አለ፤ ሐኪሟ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ አሁን አጭር የመኝታ እረፍት ይሰጡታል። ሲቀኑበት ታያላችሁ!

ትራክ ነድቼ ቶሎ እለወጣለሁ የምትሉ ደግሞ በደንብ ስሙኝ። የፌዴራሉ የሕክምና መመሪያ ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው የጭነት መኪና እንዳይነዳ ይመክራል፣ መድኃኒት ቢወስድም። ለግል መኪናም ቢሆን ሜሪላንድ ውስጥ ሕመሙን ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ደብቆ መንዳት የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል፣ አትስሙት፣ የሚገደለው የሰው ልጅ ነው። ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁ፣ ስትስቁ ጉልበታችሁ የሚላላ ካላችሁ ለትራክ ትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት ተመርመሩ። የተከፈለው አይመለስም። የእኛም አልተመለሰም።