ጠበቃው ያዘዘው ፍቅር

ሰሞኑን የደሴ ጓደኛዬ ከባለቤቴ ጋር ተቃቅፈን የተነሣነውን ፎቶግራፍ አይታ «አሜሪካ ፍቅር አስተማረቻችሁ!» ብላ ጻፈችልኝ። ሌሎቹም ተከትለው የልብ ምልክት አዘነቡብኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ካወጣኋቸው ፎቶዎች ይህን ያህል የተወደደ የለም። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፦ የተነሣነው በጠበቃ ትእዛዝ ነው።

በጋብቻ የመጣችሁ የሁለት ዓመቱን ግሪን ካርድ ታውቁታላችሁ። ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ባልና ሚስት አብረው ማመልከት፣ ትዳሩም የእውነት መሆኑን ማስረዳት አለባቸው። እኔም የሠርጌን አልበም ታቅፌ ሄድኩ። ጠበቃው አገላበጠው፤ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የአክስቴ ልጆች። ሁላችንም ኮስተር ብለን ቆመናል። ሙሽራ ጥርሷን ካሳየች ምን ልትባል?

«ሁለታችሁ ብቻ ያላችሁበት የት አለ?» አለኝ።

ደስ ብሎኝ የመልሱን ዕለት ጉርሻ አሳየሁት። እንደ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ነው፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ትክ ብሎ አየውና «በግድ ነው የሚያበላሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

ምራቄን ዋጥኩ። ማስረጃ ብዬ ያመጣሁት ክስ ሊሆንብኝ ነው!

ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። «እንዲህ ዓይነት የላችሁም?» በኢንተርኔት የሚታዩት ጥንዶች ተደርድረዋል፤ በባሕር ዳርቻ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ግንባር ለግንባር። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ቀጭን። ከሌሊት ሥራ የተመለሰ የሚመስል አንድም የለም። አገር የመሰከረለት ትዳሬ ከእነዚህ ማንነታቸውን ከማላውቃቸው ሰዎች አነሰ።

ስልኩም ያው ነው። የአውራ ጣትና የጭብጨባ ኢሞጂ የቆዳ ቀለም የሚመረጥላቸው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ልብ በመካከላቸው ያለው ጥንዶች ግን እስከ 2021 ድረስ ቢጫ ብቻ ነበሩ። ማጨብጨብ ቀድሞ ተፈቀደልን፤ መፋቀር ስድስት ዓመት ዘገየ።

እኛስ ብንሆን? በዩቲዩብ የምናየው የዘፈን ክሊፕ ውስጥ ተፈቃሪዋ ስንት ጊዜ ጠይም ሆና አያችሁ? አሁን ደግሞ በየሬስቶራንቱ ፊኛ ተሰቅሎ፣ ካሜራ ተደግኖ መንበርከክ መጥቷል። እኔ ሳድግ ሰው ሲንበረከክ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

ብቻ ታዘናል፤ ሄድን። ዋሽንግተን ላይ ጃፓን በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጠቻቸው የቼሪ ዛፎች ያበቡበት ሰሞን ነበር። ባለቤቴ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ መጣ። እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳረፈው ማዳበሪያ እንደሚያወርድ ሰው ነው። «ፈገግ በል» ስለው «ሰው ያየናል» አለኝ፤ የሚያየን ሁሉ ራሱን በማንሣት ተጠምዶ!

በጋብቻ ልትመጡ የምታስቡ፣ ከመጀመሪያው ቀን የኪራይ ውሉን በሁለት ስም አድርጉ፤ የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ግብሩንም አብራችሁ አሳውቁ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ከመተቃቀፉ ይልቅ ክብደት ያለው እሱ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺውንም ሁለታችሁን ብቻ ለይቶ እንዲያነሣ ለምኑት፤ አክስቶች ቢቆጡ ይቆጡ።

እናቴ ያንን ፎቶ ያየች ዕለት በድንጋጤ ደወለች። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው ደግፎ የያዘሽ? አዞረሽ እንዴ?»