የቪትዟ ሞልዲንግ

እሁድ ማታ ነው፣ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ አሁንም ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይሸታል።

የቪትዝ መኪናዬን የበር ሞልዲንግ ዛሬ አነሳሁት፣ ያን በር ጎን ላይ የሚለጠፈውን ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ። የፋብሪካ አይደለም፣ የድሮ ባለቤቷ በሁለት ፊቱ በሚያጣብቅ ደብል ቴፕ ያስለጠፈው ነው፣ ጫፉ ተገንጥሎ ውስጡ ጭቃ ይሰበስባል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ ስፈጥን ደግሞ እንደ ጥሩንባ ይጮሃል። አንድ ጋራዥ ወስጃት ልጁ ካቻቢቴ ይዞ "ላጥ ነው የማደርግልህ" ሲለኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ ቦዲ ሰራተኛ ነበሩ። "ብረት እንዳታስነካው፣ ሙቀትና ክር ነው" አሉኝ።

"የምን ክር ጋሼ?"

"የአሣ ማጥመጃ ናይለን። አጥተህ አጥተህ የጥርስ ክር።"

የእህቴን የፀጉር ፎን ለምኜ ከቀኝ የፊት በር ጀመርኩ። ላሜራው መሞቅ ያለበት መዳፍ እስኪችለው ድረስ ነው፣ እጅህን ካቃጠለህ ቀለሙም እየተጎዳ ነው ብለውኛል። ጫፉን ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ብድግ አደረግኩና ክሩን በሁለት እጄ ጣቶች ላይ ጠምጥሜ ከኋላው አስገባሁት፣ ከዛ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ነው፣ ሞልዲንጉን መጎተት የለም፣ ክሩ የቴፑን ስፖንጅ ብቻ መሃል ለመሃል እየቆረጠ ይሄዳል። ሶስት ጊዜ ተበጠሰብኝ፣ ጣቴ እስካሁን ሰንበር አለው። ሁለተኛው በር ላይ መብራት ጠፋ (ሌላ ምን ይጠበቃል)፣ በፔርሙዝ የነበረውን ሙቅ ውሃ ፎጣ ላይ አፍስሼ ለጠፍኩበት፣ እንደውም ከፎኑ ተሻለ፣ እኩል ነው የሚያሞቀው።

የቀረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ አስር ደቂቃ አልብሼ በአውራ ጣቴ እያሸሁ እንደ ድቡልቡል ሊጥ ጠቀለልኩት። ቲነር ጋሼ እንዳላሸተውም ከልክለውኛል። ከስሩ የወጣው ሰማያዊ ከቀረው በር ጠቆር ያለ፣ ፀሐይ ያልበላው፣ እንዴት እንደሚያምር።

ግራ የኋላው በር ላይ ግን ሞልዲንጉ ቀለም ይዞ መጣ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ላቤ ጠብ አለ፣ አበላሸሁት ብዬ ገልብጬ ሳየው ቴፑ ላይ ሰማያዊ ቅርፊት ተለጥፏል፣ በሩ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ሳይሆን ስቱኮ ነው ያፈጠጠብኝ፣ የተጎዳ ላሜራ ተሞልቶ የሚስተካከልበቱ። ለካ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው የተለጠፈበት። ሻጩ እኮ "ጭረት ነክቷት አያውቅም፣ የፋብሪካ ቀለም ነው" ብሎ ምሎልኝ ነበር።

ጋሼ ምንም ሳይሉ ገብተው ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዘው መጡ። ሶስቱ በሮች ላይ ጠብቆ ያዘ። ማግኔት ስቱኮ አይዝም፣ አራተኛው ላይ ተንሸራቶ እግሬ ስር ወደቀ።

"አየህ፣ ሶስቱ ለዚህ ሲባል ነው የለበሱት" አሉ፣ ትንሽ ሳቅም አሉ መሰለኝ።

አራቱም ሞልዲንግ በረንዳ ላይ ተደርድሯል፣ እህቴ ቆሻሻውን ጣልልኝ እያለች ነው። ሶስቱን ነገ እጥላለሁ። የግራ የኋላውን እንኳ ለጊዜው አልጥለውም፣ ደብል ቴፕ ስንት እንደገባ ልጠይቅ።