ባሱን ተከተዪ

እሑድ ማታ። ታናሽ እህቴ አሁን ገና ወደ ቤቷ ሄደች። የጠጣችበት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አምና «እስቲ ጃዝ አስለምደኝ» ስትለኝ የማይልስ ዴቪስን «ቢችስ ብሩ» ላኩላት። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ፣ ፊውዥንን፣ ማለትም ጃዝን ከሮክና ከፈንክ ጋር የሚያዋህደውን ስልት፣ መንገድ ያስያዘ አልበም ነው። እኔ እወደዋለሁ። ግን የመጀመሪያው ሥራ ብቻውን 20 ደቂቃ ነው፣ የሚያዝ ዜማም ቶሎ አይሰጥም። «ይቅርብኝ፣ ጃዝ አይገባኝም» አለችኝ። ሲቆጨኝ ከረመ። የእሷ ጆሮ ምንም አልጎደለውም፤ አመራረጤ ነው ያበላሸው።

ዛሬ በኸርቢ ሃንኮክ «ሄድ ኸንተርስ» ጀመርን፤ እ.ኤ.አ. የ1973 አልበም ነው። «ካሜሊየን» ሲጀምር ባሱ ለብቻው ይመጣል። ባስ ጊታር አይደለም፣ ሃንኮክ ራሱ በሲንተሳይዘር፣ ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ፣ የሚጫወተው ነው። ያቺው ሐረግ ትመላለሳለች፣ ድራሙ ይገባል፣ ሌሎቹ ይደረባሉ። «ሌላውን ተዪው፣ ባሱን ብቻ ተከተዪ» አልኳት። ከ15 ደቂቃ በላይ ነው፤ አላቋረጠችም። መሃል ላይ ነገሩ ሲቀየር ቀና ብላ አየችኝ። አዲሱን ባስ ግን ራሷ ያዘችው፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች።

ቀጥሎ «ዋተርሜሎን ማን»። መግቢያው ላይ ፉጨት የሚመስል ድምፅ አለ። የባንዱ ከበሮ መቺ ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ እየነፋ ነው። መነሻው የመካከለኛው አፍሪካ የደን ሕዝቦች ሙዚቃ ነው፤ አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ዋሽንትና የራሳቸውን ድምፅ እያፈራረቁ የሚጫወቱት። ይህን ስነግራት የአምቦውን ጠርሙስ አንስታ ነፋችበት። ጎንጨት አለችለትና ደግማ ነፋች። ድምፁ ወፈረ። «እምቢልታም እንዲህ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልክ ነች። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ይጠብቃል፤ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው።

ብዙ ሰው ለእኛ አገር ጀማሪ ሙላቱ አስታጥቄን ያስቀድማል። እኔ አሁን ሁለተኛ ማድረግ ይሻለኛል። የእሱን «የከርሞ ሰው» ከመልመዳችን የተነሳ ጆሯችን አልፎት ይሄዳል። ዛሬ ከሃንኮክ በኋላ ስከፍትላት ግን «ቆይ ቆይ፣ ባሱ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። ከመጀመሪያው አስደገመችኝ።

ለሳምንቱ ጥቂት ላኩላት። የዌዘር ሪፖርት «በርድላንድ»፣ ለጃኮ ፓስቶሪየስ ባስ ስል። ዘፈን ስለምትወድ የሮበርት ግላስፐር «ብላክ ሬዲዮ»፤ ዘፋኟ ኤሪካ ባዱም አለችበት። የስናርኪ ፐፒን «ሊንገስ» ግን በቪዲዮ እንድታየው አደራ አልኳት። ኔዘርላንድስ ኡትሬክት ውስጥ የተቀረጸ ነው፣ ታዳሚው ሄድፎን አድርጎ ከሙዚቀኞቹ አጠገብ ተቀምጧል። የኮሪ ሄንሪ የኪቦርድ ሶሎ ሲደርስ የባንዱን ልጆች ፊት እይ አልኳት።

በር ላይ ቆማ ጫማዋን እያሰረች «ያንን የአምናውን መልሰህ ላክልኝ እስቲ» አለችኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።