የሞገንሰን 2213 ሶፋ፦ ከቆዳው ሥር ያለው

የቆዳ ሶፋ ሲነሳ የሰው ዓይን ቆዳው ላይ ነው የሚያርፈው። 2213 በተባለው የዴንማርክ ሶፋ ላይ ግን ቀድሞ የሚደክመው ትራሱ ውስጥ ያለው ላባ ነው። ቆዳው የሚሸበሸበውም አብዛኛውን ጊዜ ከሥር የሚደግፈው ሲያጣ ነው። ጥገናውን በቅባት የሚጀምር ስለበዛ ይህን ማስፈር ይሻላል።

የዴንማርኩ የቤት ዕቃ ነዳፊ ቦርጌ ሞገንሰን ሶፋውን በ1962 (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ለገዛ ቤቱ ነበር፤ የሚያመርተው ፍሬደሪሲያ የተባለው የዴንማርክ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነው። ሰውየው የሌላው ዴንማርካዊ ነዳፊ የኮሬ ክሊንት ደቀ መዝሙር ነበር፤ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መንደፍ። ቁም ሳጥን ሲሠራ እንኳ አንድ ሰው ስንት ሸሚዝ፣ ስንት ሹካ እንዳለው ቆጥሮ ነበር። ሶፋውም ቀጥ ያለ ሳጥን ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20 ገደማ፣ ጥልቀቱና ቁመቱ እያንዳንዳቸው 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ከሥሩ ቀጫጭን የእንጨት እግሮች። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ስለወረዱ የመቀመጫ ትራሶቹ ቦታ መለዋወጥ ይችላሉ፤ ይህን የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ጥጉን ይመርጣልና የዳሮቹ ሲሰምጡ የመሐሉ እንደ አዲስ ይቀራል። በወር አንዴ ማቀያየር ነው።

ላባው በጨርቅ ከረጢት ውስጥ በክፍል በክፍል ይሰፋል፤ አለዚያ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ሲቀመጡበት አየሩ ይወጣል፣ ላባው ይተኛል። ቆዳ እንደ ጨርቅ አየር ስለማያስገባ ትራሱ በራሱ መልሶ አይነሳም። አውጥቶ በጎኑ ማቆም፣ በሁለት መዳፍ ከዳር ወደ መሐል መምታት፣ ማዞር፣ መድገም። መሐሉን በቡጢ መደብደብ ላባውን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። ባበጠ ትራስ ላይ ዘሎ መቀመጥ ደግሞ ስፌት ይበጥሳል፤ አየሩ መውጫው ዚፑና የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ነውና። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ያውቃል።

ቆዳውስ? በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ ላዩ በቀለም ያልተደፈነ ከሆነ የውሃ ጠብታ ሳይቀር ይጠጣል። እድፍ ያለበትን ነጥብ ብቻ ማሸት ትልቁ ስህተት ነው፤ ሲደርቅ ክብ ምልክት ይተዋል። ግማሽ ዴሲ ሊትር (50 ሚሊ ሊትር) የሳሙና ፍርፋሪ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ፣ ጨርቁን አጥብቆ ጨምቆ፣ ገጹን ከስፌት እስከ ስፌት ባንዴ መጥረግ። ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ ስስ የቆዳ ቅባት፤ በዓመት ሁለቴ ይበቃል። ሲበዛ ቆዳው ይላላል፣ አቧራም ይስባል። ራስ የሚያርፍበት ቦታ ከጠቆረ የሰው ወዝ ነው፤ ሳሙና አይመልሰውም።

ስንጥቅ የሚጀምረው ሰፊው ገጽ ላይ ሳይሆን ጠርዙን በሚዞረው፣ ገመድ በተጠቀለለበት ቀጭን ቆዳ ላይ ነው። እዚያ ቆዳው ዕድሜውን ሙሉ እንደታጠፈ ነው፤ ልብስ ይፈትገዋል፣ በብርድ ወራት ደግሞ የቤት ማሞቂያው ደረቅ አየር ወዙን ይመጥጠዋል። ሶፋውን ከማሞቂያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ማራቅ ያዋጣል። በጊዜ ከተያዘ ያንን ቀጭን ቆዳ ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ግን መርፌው በድሮው ቀዳዳ መግባት አለበት። ከአሮጌው ጎን አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ሰፊው ቆዳ እንደ ቴምብር ተቀዶ ይወጣል፤ ያኔ ሙሉ ትራሱን ማልበስ ሊመጣ ነው።

አዲሱ ቁራጭ ከአሮጌው ጎን ነጣ ብሎ መታየቱ አይቀርም። ሳይሰፋ በፊት ሁለትና ሦስት ሳምንት መስኮት ላይ ማስጣት ይረዳል፤ በቅርፊት የለፋ፣ ቀለም ያልተነከረ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ጥቁር የተነከረ ከሆነ ግን አይሰጣ፤ እሱን ፀሐይ ያደበዝዘዋል።