ብትጠፉ ምን ትላላችሁ?

አባባን የቀበርነው የካቲት ላይ ነው። አርባው ወጥቷል። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ተቆጥሮ ተመልሷል። ለቅሶ ደራሹም ቀርቷል። ቤቱ ጭር ሲል ነው ስለ እሱ መጻፍ ያማረኝ። ከኪሱ ልጀምር።

የኮቱ የቀኝ ኪስ ቆሎ አጥቶ አያውቅም። የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ ጣል ጣል ያለበት። ማታ እማዬ ትቆላለታለች፤ ጠዋት በመሐረብ ቋጥሮ ይወጣል። እሱ ሲቆረጥም ግን አይቼው አላውቅም። ቆሎው የሥራ ዕቃው ነበር። አዲስ ከመጣ ልጅ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ይላል። መሐረቡን ፈትቶ መሃላቸው ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዝም ይላል። «ልጅ ሲቆረጥም ፍርሃቱን ይረሳል» ይል ነበር። አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ያወራል። አንዳንዱ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። አባባ ሦስቱንም ቀን ይመላለሳል።

አባቴ ሶሻል ወርከር ነበር። አያቴ እስክትሞት ድረስ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ አልገባትም። ጎረቤት ሲጠይቃት «የጠፋ ልጅ ቤት ያፈላልጋል» ትላለች። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ትርጉም አልሰማሁም።

የተማረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። በፈረንጆቹ 1959 የተከፈተ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ። በፈረንጆቹ 2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ መልሶ ሲጀምረው ከአባባ በላይ የተደሰተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ቀን ለእማዬ ስጋ ገዝቶ ገባ።

ሥራውን ሥራ ያደረገው ግን 77 ነው። የ1977ቱ ድርቅ። ያኔ የምንኖረው ደሴ ነበር። ሰው ከየገጠሩ ነቅሎ ወደ ኮረም፣ ወደ ባቲ፣ ወደ መቀሌ መጠለያዎች ይጎርፋል። እናት መንገድ ላይ ትቀራለች። ልጅ ታሞ በመኪና ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ድኖ ሲመለስ ወላጆቹ የሉም። ሰፈራም ነበር። በዚያን ጊዜ ከ500,000 በላይ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። አባት ወለጋ ወይም መተከል ደርሷል፤ ልጁ ወሎ ውስጥ ማሳደጊያ ተቀምጧል። ሁለቱም ሌላው ሞቷል ብለው አልቅሰዋል።

ማሳደጊያው ቅጽ ነበረው። የአባት ስም፣ ክፍለ ሀገር፣ አውራጃ፣ ወረዳ። የአምስት ዓመት ልጅ አውራጃውን ከየት ያውቃል? «እናትህ ማን ትባላለች?» ሲሉት «እታለም» ይላል። በወሎ ስንት እታለም አለች! ስለዚህ ቅጹ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ ይሞላል። አባባን እንደዚህ ቃል የሚያናድደው ነገር አልነበረም። «አይታወቅም አይባልም፤ አልተጠየቀም ነው የሚባለው» ይላል። ድምፁ ከፍ ሲል የሰማሁት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው።

እሱ ቅጹን ትቶ ደብተር ገዛ። ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ባለ መስመር ደብተር። ጥያቄዎቹም የራሱ ነበሩ። ገበያ የሚወጡት በምን ቀን ነው? ሰኞ ካለው ባቲን ያስባል፤ እሁድ ካለው ሰንበቴን፤ ቅዳሜ ካለው ላሊበላን። ውኃ የምትቀዱበት ወንዝ በበጋ ይደርቃል? ላሟ ማን ትባላለች? እናትህ ስትደነግጥ ማንን ትጠራለች፣ ጊዮርጊስን ነው ወይስ ነቢን? ይህችኛዋ ጥያቄ የምትገርም ነበረች። የራሱን ሃይማኖት በቅጡ የማያውቅ ልጅ እናቱ ስትደነግጥ የምትለውን አይረሳም። ከዚያ አባባ ታቦቱን ወይም መስጊዱን ይዞ ይነሳል።

አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ልጁ ስድስት ዓመት ይሆነዋል ይላል። የአባቱን ስም አያውቅም። አገሩንም አያውቅም። አራተኛው ቀን ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ክረምት ሲወጣ ነጭ የለበሰ ብዙ ሰው በደጃችን ያልፋል። እናቴ ውኃ ትሰጣቸዋለች።» ከሥሩ አባባ በቀይ እስክሪብቶ «ግሸን!» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄድ ተጓዥ ነው። ስለዚህ ቤቱ ያለው አምባሰል ውስጥ፣ መንገዱ ዳር ነው ማለት ነው። አባባ እዚያ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር ሄደ። ከመንደር መንደር እየዞረ «ለግሸን መንገደኛ ውኃ የምታጠጣ፣ ወንድ ልጅ የጠፋባት ሴት» ብሎ ጠየቀ። ገጹ የሚያበቃው በአንድ ቃል ነው። «ደረሰ።»

ሁሉም ገጽ ግን በዚህ አያልቅም። ከደብተሩ መሃል የአንዲት ልጅ ገጽ አለ። ላሟ ቦራ ትባላለች። ቤታቸው አጠገብ ትልቅ ዋርካ አለ። ወንድሟ ያነክሳል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። አባባ ለሃያ ዓመት ያህል ገጠር በወጣ ቁጥር ስለ ዋርካው ይጠይቅ እንደነበር እማዬ ነገረችኝ።

ቤት ውስጥስ? ይህን ሳላድበሰብስ ልናገር። አባባ ብዙ ጊዜ አልነበረም። የ1980ን ፋሲካ ጣና በለስ ነው ያሳለፈው፤ ፓዌ ሰፋሪዎች ዘንድ አባት ፍለጋ ሄዶ። እማዬ ከዶሮው ፈረሰኛውን ለብቻው አስቀመጠችለት። በማግስቱም ይመጣል ብላ አሞቀችው። በሦስተኛው ቀን ለእኔና ለወንድሜ ከፍላ ሰጠችን። እሷ ግን አልቀመሰችም።

ሲመጣ ደግሞ መምጣቱ ልክ የለውም። ቅዳሜ ልብሳችንን እሱ ነው የሚያጥበው። ግቢው ውስጥ ሳፋ ዘርግቶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ። ያ ሰፈር ወንድ ልብስ ሲያጥብ አይቶ ስለማያውቅ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩታል። ጸጉሬን ይሠራኛል። ሹሩባ አይችልም፤ ቫዝሊን ቀብቶ ለሁለት ከፍሎ ማሰር ብቻ። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ ሁለታችንን ግራና ቀኝ አድርጎ «እሺ፣ ዛሬ ማን ከማን ተጣላ?» ይላል። መልሱን ሲሰማ አያቋርጥም። እንደዚያ የሚሰማ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ «ከእኛ የሰው ልጆች ይበልጡብሃል» አልኩት። ሻንጣውን እየሸከፈ ነበር። ቁጭ አለ። «እውነትሽን ነው፣ ብዙ አጎደልኩባችሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አንቺን ግን የት እንደማገኝሽ አውቃለሁ» አለኝ። ያኔ መልሱ አልዋጠልኝም። በሩን ዘግቼበት ነው የሄድኩት። አሁን ያቺን በር ብከፍታት ደስ ይለኛል።

በኋላ አዲስ አበባ ገባን። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት የሚገባበት ዘመን ነበር። አባባ የታመሙ እናቶችን ይጎበኛል። ደብተሩም አብሮት ይሄዳል፤ አሁን ግን መልሱን የሚሰጡት እናቶቹ ናቸው። «ጋሼ፣ ልጄ ሲያድግ የሚያውቀው ነገር ይኑር» ይሉታል። የአያት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ልጁ ሕፃን ሳለ የሚወደው ዘፈን። እሱ ይጽፋል። ጥር 1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ሞታቸውን ሲጠብቁ ከነበሩት መካከል የተነሱ አሉ። ያኔ ያስጻፈችው አንዲት ሴት በለቅሶው ሦስቱንም ቀን ቡና ስታፈላ ነበር። ልጇን ድራለች። ደብተሩን አሳየኋትና የራሷን ገጽ አገኘች። ቀድዳ አልወሰደችውም፤ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ጥር 2010 ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጥ ጉዲፈቻ በሕግ ሲቆም ሰዎች አስተያየት ጠየቁት። ስለ ክልከላው ብዙ አላለም። «ወላጅ የለውም ከመባሉ በፊት ልጁን ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ ወይ?» ነው ያለው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ጊዜ የሚፈጀው ይኸው ነው። ቶሎ የሚያልቀው ፊርማው ነው።

አንድ ጨዋታ ነበረን። ገና አፍ ስንፈታ ያስጀመረን። «ብትጠፉ ምን ትላላችሁ?» ይላል። እኛም በአንድ ድምፅ፦ «ከጦሳ ሥር ነን! ደብራችን መድኃኔዓለም! ወንዛችን ቦርከና! ገበያችን ሰኞ!» ያኔ ግጥም ነበር የሚመስለን። የእናትና የአባታችንን ሙሉ ስም እስከ አያት እንጨምራለን። ካልተሳሳትን ከኪሱ ቆሎ ይዘግንልናል። ለእኛ የደረሰን ቆሎ ያ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ትንሿን ልጄን ጠየቅኳት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው።

«ብትጠፊ ምን ትያለሽ?»

የብሎኩን ቁጥርና ፎቁን ነገረችኝ። ስልኬንም ቁጥር በቁጥር።

«ብሎኩን ብትረሺውስ?»

አሰበች። እኔም አባባ እንደሚያደርገው ዝም አልኩ። ሳህን ላይ ትንሽ ቆሎ አድርጌ መሃላችን አስቀምጬ ነበር። እፍኝ ቆርጥማ ጨረሰች።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ሰውዬ ይመጣል» አለችኝ። «ጆንያ ተሸክሞ፣ ‹ቆራሌው!› እያለ። ‹ሌው› የሚለው ላይ ድምፁ ይሰበራል። እማዬ ከመስኮት ‹ትንሽ ቆይ› ትለዋለች። የኛ ቤት እዚያ ነው እላለሁ።»